ባለቤቴ «አንድ ስፔድ» ባለች ጊዜ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ በብሪጅ ክበባችን ባለቤቴ በሰው ፊት ምንም አላለችኝም። ይህ መጥፎ ምልክት ነው። መንገድ ላይም ምንም አላለችኝም፤ ይህ የባሰ ነው። ቤት ገብታ፣ ኮቷን ሰቅላ፣ የሥራ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ካደረገች በኋላ ግን አፏን ከፈተች።

«እስከ ውድድሩ ወቅት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ» አለች። «እስከዚያ መልስ መስጠት ካልተማርክ በሚቀጥለው ወቅት ከፋርማሲስቱ ጋር እጫወታለሁ። ጠይቆኛል።»

የሚቀጥለው ወቅት ምዝገባ ታኅሣሥ 7 ይዘጋል። ስለዚህ ይህን ደብተር ገዛሁ። አንድ ሰው ሊፈረድበት ከሆነ የራሱን ቃል በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ከሞትኩ በኋላ ደብተሩን የሚያገኘው ሰው ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የማያውቅ ምስኪን ሊሆን ስለሚችል ነገሩን ላስረዳ። አራት ሰው ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አጋሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከአራቱ ዓይነት፣ ማለትም ከስፔድ፣ ከልብ፣ ከዳይመንድና ከአበባ፣ ዐሥራ ሦስት ካርታ ይደርሰዋል። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ፤ በየተራ «ይህኛው ዓይነት ካርታ የበላይ ይሁን፤ እኔ ይህን ያህል ዙር እወስዳለሁ» ብሎ ቃል መግባት ነው፤ «አንድ» ማለት ሰባት ዙር፣ «ሁለት» ማለት ስምንት እያለ ይቀጥላል። የሚለው የሌለው «ፓስ» ይላል። ከዚህ ውጭ መናገር፣ ማቃሰት፣ ቅንድብ ማንሣት ክልክል ነው። ባልና ሚስት በሕግ ተገድደው ዝም የሚሉበት ጨዋታ በመሆኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ወድጄዋለሁ።

ዛሬ ባላጋራችን ጥርስ ሐኪሙ «አንድ ዳይመንድ» ብሎ ከፈተ። ባለቤቴ ጣልቃ ገብታ «አንድ ስፔድ» አለች። የጥርስ ሐኪሙ አጋር የገዛ አማቱ ናቸው፤ ከጠረጴዛው ውጭ ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። ሆኖም አማትየዋ ዓይናቸውን ሳያሹ «ሁለት ዳይመንድ» ብለው ደገፉት። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ሦስት ስፔድ ነበረኝ፤ አንዱ ንጉሡ ነው። ደግሞም የአበባ አስ ነበረኝ። አስ አራት ነጥብ፣ ንጉሥ ሦስት፤ ድምር ሰባት። ጨረታ ለመክፈት ደግሞ ዐሥራ ሁለት ያስፈልጋል። ሰባት ዐሥራ ሁለት አይደለም። «ፓስ» አልኩ። ሁሉም ፓስ አሉ፤ እነሱም ስምንት ዙራቸውን ቁጭ ብለው ለቀሙ።

እኔ የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የሥጋ ቤቱንም የወርቅ ቤቱንም ሚዛን ስፈትሽ ያልሞላውን ሞላ ብዬ አላውቅም። ደግሞም ባለቤቴ «ስፔድ» ስትል በሆዴ ተስማምቻለሁ። የተስማማ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?

ይህንኑ ነገርኳት። ሰዓት ጠጋኝ ናት፤ አንዲት ጥርሷ የተሰበረ ትንሽ የሰዓት ማርሽ በመቆንጠጫ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት። ማርሿን ረጅም ጊዜ አየቻት። እኔን አላየችኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ስድስት ሚዛን አየሁ። ሁለቱ ዋሹ። ባለሥጋ ቤቱ ሚዛኑ በአየሩ ጠባይ እንደሚዛባ ሲያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

እትዬ ደወሉ። እሑድ ለምሳ ይመጣሉ። «አንድ ነገር አስቤያለሁ» አሉኝ። እትዬ አንድ ነገር ካሰቡ ሌላው ሰው ቢያስብ ትርፍ ድካም ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ጥፍሬን የቆረጡልኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም ድረስ «ትንሹ» ይሉኛል። ትንሹ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶታል።

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሊፍቱም ከእሳቸው ጉልበት አይሻልም። የእኛ ቤት ደግሞ ደረጃ የለውም። ስለዚህ ሾርባው ሳያልቅ ተነሥተው ባለቤቴ የምትሠራበትን ክፍል በር ከፈቱ፤ መስኮቱን አዩ፤ ወለሉን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉ። ተመልሰው ሲቀመጡ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ እንደሚመጡና አልጋቸው እዚያ እንደሚገባ አስታወቁን። ጠረጴዛው፣ ማለትም ዐሥራ ዘጠኝ ሰዓቶች ሆዳቸውን ከፍተው የተኙበት የባለቤቴ ጠረጴዛ፣ የሆነ ቦታ ይቀመጣል። የት እንደሚቀመጥ አላሉም።

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ቤትዎ ነው» አለች፤ በጣም በትሕትና። «ያ ክፍል ግን የእንጀራዬ ክፍል ነው። ብርሃኑ እዚያ ብቻ ነው ያለው።»

ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ።

እኔ ሾርባው ጨው እንዳነሰው ተናገርኩ።

በኋላ በሬን ዘግቼ ነገሩን በሚዛን አስቀመጥኩት። እትዬ ትክክል ናቸው። ባለቤቴም ትክክል ናት። በሁለት ትክክለኛ ሰዎች መካከል ገብቶ መናገር ድፍረት ነው። ነገሩ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል፤ መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ አንድ ቦታ ይቆማል። የሾርባው ጨው ግን እውነትም አንሶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ዛሬም ሦስት ጊዜ ጣልቃ ገባች፤ ሦስት ጊዜ ፓስ አልኩ። ክበቡ ውስጥ «አቶ ፓስ» የሚል ስም እንደወጣልኝ ለማወቅ የቻልኩት ፋርማሲስቱ በዚያ ስም ሰላም ሲለኝ ነው። ፋርማሲስቱ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ለሰው ሁሉ መልስ ያለው ሰውዬ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ይከብዳል፤ ቢሆንም እየሞከርኩ ነው።

ከጨዋታው በኋላ የክበቡን ሕግ የሚያስከብሩትን ጡረተኛ ዳኛ ጥግ ይዤ አማከርኳቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት የያዝኩትን ካርታ ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ሰባት ነጥቤን፣ ዐሥራ ሁለት አለመሙላቴን። ዳኛው እንደ ድሮው ችሎት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ባለቤትህ ጠብ ውስጥ ገባች እንበል» አሉኝ። «ጠቡን አንተ ትጀምረው ነበር ወይ ብላ አልጠየቀችህም። እጅህ ላይ ዱላ አለ ወይ ነው ጥያቄዋ። ዐሥራ ሁለቱ ለሚከፍት ሰው ነው። እሷ ከገባች በኋላ ከጠራችው ዓይነት ሦስት ካርታና ስድስት ሰባት ነጥብ ካለህ አንድ እርከን ከፍ ታደርጋለህ። ይኸው ነው።»

እኔ ግን ሰባት መሆኑን እርግጠኛ ካልሆንኩስ አልኳቸው። ዓይናቸውን ከፈቱ። ስንት ዓመት ነው በትዳር የቆያችሁት ብለው ጠየቁኝ። ዐሥራ አንድ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

አጠናሁ። ሦስት ካርታ፣ ሰባት ነጥብ፤ ከፍ። ሦስት ካርታ፣ ሰባት ነጥብ፤ ከፍ። ባለወርቅ ቤቱ ሚዛኑ ስንት እንደሚል ሲጠይቀኝ «ከፍ» አልኩት። ደስ አለው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ተለወጥኩ። ባለቤቴ «አንድ ልብ» እንዳለች እኔ «ሦስት ልብ» ብዬ አዳራሹን አናጋሁት። በእጄ ሁለት ተራ ልብና አንዲት ንግሥት ብቻ ነበሩ። ንግሥቲቱም የጠላት ወገን ናት፤ ዳይመንድ። አማትየዋ በደስታ ቅጣቱን እጥፍ አደረጉት። ባለቤቴ ዘጠኝ ዙር በእኔ ቃል ዕዳ ገብታ አምስት ብቻ ወሰደች።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔ በኩራት እየተራመድኩ፣ ደግፌሻለሁ እኮ አልኳት።

«ደገፍከኝ?» አለች። «መልስ አልኩህ እንጂ ሽንገላ አላልኩህም። ያለህን ንገረኝ ነው የምልህ። የሌለህን አምጣ አላልኩም።»

ፓስ ስል ጥፋት፤ ከፍ ሳደርግ ጥፋት። የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ዓይነት መመሪያ በጽሑፍ ነው የሚጠይቀው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

አንድ አናጢ መጣ። እትዬ ናቸው የላኩት፤ ለአልጋውና ለቁም ሣጥኑ ክፍሉን እንዲለካ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አናጢው የሚጠቀምበትን ሜትር ስመለከተው ጫፉ ተበልቷል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ይዋሻል። ሙያዬ ነውና ዝም ልል አልቻልኩም። የራሴን ሜትር አመጣሁለት። ጫፉንም ያዝኩለት።

ለክቶ ሲሄድ አመሰገነኝ።

ባለቤቴ ለራት አልጠራችኝም። ምግቡ ግን ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሁለት ሚሊ ሜትር ለአልጋ ቀላል ነገር አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ዳኛው አዲስ ነገር አስተማሩኝ፤ እንቅልፍ የሚነሳ። ለአጋርህ ጠንካራ ድጋፍ ካለህ፣ ማለትም ካርታዋም ካለህ፣ ነጥቡም ከዐሥር ካለፈ፣ ዝም ብለህ የእሷን ቃል አትደግምም። የባላጋራህን ዓይነት ትጠራለህ። እነሱ ዳይመንድ ካሉ አንተ «ሁለት ዳይመንድ» ትላለህ። ዳይመንድ ፈልገህ አይደለም፤ «አይዞሽ፣ በሙሉ ኃይሌ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ቀጥዪ» ማለትህ ነው። ባለቤቴም ይህን ታውቃለች፤ ዳኛው ናቸው ሁለታችንንም ያስተማሩን፤ እኔ ያን ቀን ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር እንጂ።

ይህ ለእኔ የተፈጠረ ጥሪ ነው። የጠላትን ቃል እየተናገርኩ ከሚስቴ ጋር መሆን። ማንም አይቀየመኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ጥርስ ሐኪሙ «አንድ ዳይመንድ» አለ። ባለቤቴ «አንድ ስፔድ»። አማትየዋ ፓስ። ካርታዬን አየሁ፤ አራት ስፔድ ከነንጉሡ፤ የአበባ አስ፤ የልብ አስና ባለ አንድ ነጥቡ ጃክ። ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ዳይመንድ ሁለት ብቻ፤ ሁለቱም ተራ። ጊዜው ደረሰ ብዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ (ዳኛው ገላመጡኝ) «ሁለት ዳይመንድ» አልኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ፓስ አለ። ባለቤቴ ካርታዋን አየች። እኔን አየች። አሁንም ካርታዋን አየች።

«ፓስ» አለች።

አማትየዋም ፓስ፤ ፈገግታቸውን በመሐረብ ሸፍነው። እኔ ስምንት ዙር በዳይመንድ ልወስድ ቃል የገባሁ ሰው ሆኜ ቀረሁ። የእኔ ሁለት፣ የእሷ አንድ፤ በጠቅላላው ሦስት ዳይመንድ። አራት ዙር ወሰድኩ። በስፔድ ብንጫወት ዐሥር ዙር በእጃችን ነበር። ፋርማሲስቱ ከጎን ጠረጴዛ አንገቱን አስግጎ አየና አዘነልኝ። የሰውየው ክፋቱ ይኼ ነው፤ ከልቡ ያዝናል።

መንገድ ላይ በቁጣ ጠየቅኳት። ደንቡን ታውቂያለሽ፤ የባላጋራን ዓይነት ከጠራሁ ካንቺ ጋር ነኝ ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ታዲያ እንዴት ፓስ ትያለሽ?

የኮቷን ቁልፍ ቆለፈች።

«ደንቡን አውቀዋለሁ» አለች። «አንተ ግን የምርህን መሰለኝ። ወደ እነሱ የዞርክ መሰለኝ።»

እሑድ፣ ኅዳር 17

ወደ እነሱ የዞርክ መሰለኝ።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ዛሬ ሌላ የምጽፈው ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ባለቤቴ ለሰዓት ቤቶቹ ስልክ እየደወለች ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ሥራ እንደማትቀበል ስትነግራቸው በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ለአንዱ «ምክንያት የለም፤ ቦታ የለም» አለችው። ድምፅዋ ለጥ ያለ ነው።

መግባት አሰብኩ። ከዚያ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 23

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። ግማሹ እውነት ነው። ፋርማሲስቱ በእኔ ቦታ ተቀመጠ። አንደኛ ወጡ።

ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። እንዴት ነው ሰውየው አልኳት።

«ይመልሳል» አለች። ጨረሰች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 30

ይህ ደብተር እስካሁን ያልነገረውን ነገር ልጻፍ፤ ማታ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ሲደክም ከራስ ጋር ይቻላልና።

በቤታችን ውስጥ ሌላ ክፍል አለ። ይህን የምጽፈው እዚያ ተቀምጬ ነው። «ጽሕፈት ቤት» እንለዋለን። ውስጡ ዐሥራ አንድ ያረጁ ሚዛኖች፣ አንድ ሣጥን የነሐስ የሚዛን ድንጋዮች፣ አንድ ወንበርና እኔ አለን። ሚዛኖቹን ማንም አይመዝንባቸውም። እሑድ እሑድ እወለውላቸዋለሁ። እትዬ ይህን በር ያልከፈቱት «ትንሹ የመንግሥት ሥራውን የሚሠራበት ነው» ብለው ስለሚያምኑ ነው። ባለቤቴ ግን ምን እንደምሠራበት ታውቃለች። ከዚያ ምሳ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ «ያንተስ ክፍል» አላለችኝም። አጋርህ የያዘውን ካርታ የሚጠራው ራሱ ነው እንጂ አንተ አትጠራለትም።

ስለ ሰባትና ስለ ዐሥራ ሁለት ስጽፍ ከረምኩ። ካርታው በእጄ ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 1

እትዬ ከነአልጋቸው መጡ። ሁለት ተሸካሚዎች፣ አናጢው፣ ሰባት ካርቶን። እትዬ ኮሪደሩ መሐል ወንበር አስቀርበው እንደ ወደብ ሹም ዕቃ ያስገቡ ጀመር። ተሸካሚዎቹ የባለቤቴን ጠረጴዛ በሁለት ጫፍ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ እሷ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች።

«ይኼ አይነሣም» አለች። ጮክ ብላ አይደለም።

እትዬ እሷን አላዩም። «ትንሹ፣ ንገራቸው እንጂ» አሉኝ።

ጠጅ ቤት ውስጥ እንደተያዘ ተማሪ ላብ አጠመቀኝ። ጨው የሚጎድለው ሾርባ ፈለግሁ፤ አልነበረም። አፌ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ እኔም አላውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ጠረጴዛው አይነሣም» አልኩ። «ክፍሉ የእሷ ነው። ይህን ያን ቀን በምሳው ላይ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር፤ ፈራሁዎት። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እንደፈራሁዎት ነው። የእርስዎ አልጋ የሚገባው እኔ ክፍል ነው።»

የመንግሥት ሥራህስ አሉኝ እትዬ። የመንግሥት ሥራ የለም አልኳቸው፤ ሚዛን ነው የምወለውለው። አናጢው ሳቁን በሳል አሳለፈው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። በዕድሜዬ ሲናደዱ አይቻለሁ፤ ሲያዝኑ አይቻለሁ፤ ሲያስቡ አይቻለሁ። ግራ ሲገባቸው አላየሁም ነበር። ከዚያ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ፤ የጽሕፈት ቤቴን በር ከፍተው ገቡ፤ ወለሉን መታ መታ አደረጉ። ሚዛኖቹን አንድ በአንድ አዩ።

«መስኮቱ ጠባብ ነው» አሉ።

ጠባብ ነው አልኳቸው።

«ፈራሁዎት ነው ያልከኝ?»

አዎ አልኩ።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና አልጋው እንዲገባ አዘዙ። በአናጢው መለኪያ መሠረት አልጋው በዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ረዝሞ አልገባ አለ፤ የተለካው ለሌላ ክፍል ነዋ። መጋዝ መጣ። ሚዛኖቹ አሁን ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ማታ ሦስታችንንም እግር እግራችንን ይመቱናል።

 ባለቤቴ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ መነጽሯን አወረደች። ደብተሬን ይዤ የት እንደምቀመጥ ሳማትር በእግሯ አንድ ወንበር ወደ እኔ ገፋች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

የወቅቱ መጨረሻ። ልብሴን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ስለ ምዝገባው ሳምንቱን ሙሉ አልተነጋገርንም፤ እሷ አላነሣችም፤ እኔም እሑድ የተናገርኩትን ያህል በአንድ ዓመት ስለማልናገር ደክሞኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስን። እሷ ኮቷን ስትሰቅል እኔ ዳኛው ወደተቀመጡበት የመዝገብ ጠረጴዛ ሄድኩ። ባለቤቴ ከማን ጋር እንደተመዘገበች በቀጥታ መጠየቅ ስላሳፈረኝ ቅጹ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠየቅኳቸው። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። የእናንተማ ሰኞ ጠዋት ገብቷል አሉኝ፤ በራሷ እጅ አምጥታ፣ ገና ክበቡ ሳይከፈት። ወረቀቱንም አዙረው አሳዩኝ። የእሷ ስም አለ። ከሥሩ፣ የሰዓት ቁጥር በሚጻፍበት በዚያ በደቃቃ ጽሕፈቷ፣ የእኔ ስም አለ። ፋርማሲስቱ ከአማትየዋ ጋር ተመዝግቧል። ጥርስ ሐኪሙ ነፃ የወጣ ሰው መስሎ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።

ከዚያ ተቀመጥን። በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ጥርስ ሐኪሙ «አንድ ዳይመንድ» አለ። ባለቤቴ «አንድ ስፔድ» አለች። አማትየዋ ፓስ። ካርታዬን አየሁ፤ እንደገና አየሁ። አንድ ንጉሥ የለ፣ አንድ አስ የለ፤ ስፔድ ሁለት፣ ሁለቱም ትንንሽ። የተጠራቀመ ቆሻሻ ነው። ለመዋሸት አንድ አፍታ ተፈተንኩ፤ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ፓስ» አልኩ።

ጥርስ ሐኪሙም ፓስ አለ። ባለቤቴ በአንድ ስፔድ ሰባት ዙር ለመውሰድ ብቻዋን ገባች። በደንቡ መሠረት የእኔ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ተዘረጋ፤ ያ ሁሉ ውርደት በአራት ረድፍ። አየችው። ስትጫወት እጇ አልተቻኮለም። ስድስት ዙር ወሰደች፤ አንድ ጎደለን። አማትየዋ ነጥቡን ሲጽፉ እሷ ካርታዎቹን እየሰበሰበች ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ምንም አልነበረህም» አለች።

«ምንም» አልኩ።

«አውቄያለሁ። ቢኖርህ ትናገር ነበር።»